ሚዛን የሚያሠለጥነው ሰው

እትዬ ዘመናይ፣ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ እንጂ፤ እዚያ የዳሱ በር ላይ ነፋሱ ይገባል። የማርቆስ ብርድ እንግዳ አይለይም። እንዲያው ከይጁቤ እስከዚህ መንገዱ እንዴት ነበር? አቧራው አልገደለዎትም? ... እሰይ። በመምጣትዎ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ። ሠርጉ ዕለት ጉልበትዎን አሞዎት ሲቀሩ፣ ሙሽራችን ምስጋናው ፊቱ ጠቁሮ ነው የዋለ። "ያሳደገችኝ አክስቴ ሳትኖር ምን ሠርግ አለ?" ሲል ሰምቼዋለሁ። ይኸው ዛሬ ለመልሱ ሲደርሱለት ያዩታል፣ ሙሽሪትን ትቶ እርስዎን ነው የሚያየው። ሰው የሚወደው ሰው አጠገቡ ሲቀመጥ እንዲህ ነው... አይደለም?

ይቅመሱት ይህን ቀይ ወጥ። ጠጁንም አይፍሩት። እኔ ሁለተኛ ብርጭቆዬ ነው፤ ከጧት ጀምሮ ሳቅ ሳቅ ይለኛል። ልጅ ድሬ፣ መልስ ጠርቼ፣ ዳሱ ሳይወድቅ፣ ወጡ ሳያርር... ዛሬ ካልሳቅሁ መቼ ልሳቅ?

ጮክ ብዬ ብናገር ደግሞ ይቅር ይበሉኝ። ሙዚቃው ያደነቁራል፤ ለእርስዎ እንዲሰማዎት ብዬ ነው እንጂ በግራዬ ላሉት አይደለም። በግራዬ ያሉት ባለቤቴ ናቸው፣ የሙሽሪት አባት። ተዋወቃችሁ? አይ፣ ይተዋወቃሉ፤ አሁን ስልክ ላይ ናቸው። ስልክ ላይ ሲሆኑ መድፍ ቢተኮስ አይሰሙም፤ እንደ ልባችን እንጫወት።

ቅድም ምን ነበር ያሉኝ? "ልጄ ሥራ ይወዳል፤ ብቻ ለቤቱም ጊዜ ባይነሣው" ነው ያሉኝ? እሱን ሲሉ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ስሙን አልጠራም፤ ስም መጥራት አልወድም። ባለቤቴም በደንብ ያውቁታል፤ ጧት ጧት ጢማቸውን ሲላጩ ያዩታል።

እንዴት ያለ ጎበዝ ሰው መሰለዎት። የዱቄት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነው። ፋብሪካውን ሲረከብ ሊዘጋ የደረሰ ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩት አለቆች የሚያዩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዛሬ ስንት ኩንታል ወጣ? ኩንታሉ ከወጣ ሌላው የራሱ ጉዳይ። ዱቄቱ አሸዋ ቢኖረው፣ ዳቦ ጋጋሪው ቢያማርር፣ ሠራተኛው ብናኝ ውጦ ሲያስል ቢውል... ኩንታሉ ወጥቷላ። እሱ መጣና "ቆዩ" አለ። አዲስ አበባ ሄዶ ሠልጥኖ ነበርና "ድርጅት በትርፍ ብቻ አይለካም" አላቸው። "በአራት ዓይን ነው የሚታየው። ገንዘቡን አያለሁ፣ ደንበኛው ረክቷል ወይ እላለሁ፣ የውስጥ አሠራሩን እፈትሻለሁ፣ ሠራተኛው ተምሮ አድጓል ወይ እላለሁ። አንዱ ከጎደለ ሚዛኑ ያጋድላል።" ሲናገረው ቢሰሙት፣ እርስዎም ይጁቤ ተመልሰው ጎተራዎን በአራት ዓይን ሲያዩ ያመሹ ነበር።

ደግሞ ሠራለት። በዚህ አልቀልድም፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ዳቦ ቤቶቹን አንድ በአንድ ዞሮ "ዱቄታችን ምን ይጎድለዋል?" ብሎ ጠየቀ። ለሠራተኛው የአፍንጫ መሸፈኛ አመጣ። ሴቶቹ ሲወልዱ እየሄደ አራስ ጠየቀ። እሑድ እሑድ ፋብሪካው እንዲዘጋ አደረገ፤ "እሑድ የቤተሰብ ነው" ብሎ በሩ ላይ በትልቁ አስጻፈው። ሠራተኛው ሁሉ እሑድ ልጆቹን ይዞ ከተማውን ይዞራል። እሱ ብቻ ነው ውስጥ የሚቀረው። መቼም አንድ ሰው መቅረት አለበት... ጽሑፉን ማን ያስከብረዋል?

የዘበኞቹን ልጆች በስም ያውቃቸዋል። የትኛው የትኛው ክፍል እንደደረሰ፣ የትኛውን ጥርሱን እንዳመመው። እንዲህ ያለ አለቃ የት ይገኛል? የራሱ ልጅ ፋርማሲ ተምራ የተመረቀች ዕለት፣ እንግዶቹን "ነርሷን ልጄን ተዋወቋት" አላቸው። ምን አለበት? ነርስም ሆነ ፋርማሲ፣ ሁሉም ነጭ ነው የሚለብሱት። ልጅቷም አላረመችውም። ቀኑን ሙሉ ነርስ ሆና ዋለች።

ሚስቱማ ዕድለኛ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ገበያው ዳር የራሷ ስፌት ቤት አላት። ቀሚስ ሊለኩ የሚመጡት ሁሉ "ያ ጎበዝ ሰው ባልሽ ነው?" ይሏታል። "አዎ፣ እንዲያ ይላሉ" ትላቸዋለች።

ባለፈው ዓመት ነው፣ ጾም ሊገባ ሰሞን፣ ሰውየው አንድ ቀን በጊዜ ቤቱ ገባ። ሚስቱ የታመመ መስሏት ግንባሩን ዳበሰችው። ደህና ነው፤ ትኩሳት የለውም። "ዛሬ ቤታችንን እንመዝን" አለ። እናትና ልጅን ፊት ለፊቱ አስቀመጣቸው። "ቤትም እንደ ድርጅት ነው። ተገልጋያችን ረክቷል? አሠራራችን የት ላይ ይጓተታል? ዘንድሮ ምን ተማርን?"

ሚስቱ "እየበላህ መዝን፤ ወጡ ይቀዘቅዛል" አለችው። ልጅቷ ግን ከልቧ አዳመጠችው። እንደ ተማሪ እጇን አወጣች። "አባዬ፣ አንድ ነገር አልገባኝም" አለች። "እዚህ ቤት አንተ ተገልጋይ ነህ ወይስ ሠራተኛ?"

ሳቀ። ሲስቅ ያምርበታል፤ ያንን አልክድም፤ ሚስቱም ድሮ በሱ ነው የተያዘችው። "ግሩም ጥያቄ ነው" አላት። "እንዲህ ያለ ጥያቄ ሥልጠና ላይ ቢነሣ እኮ..." ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ። ወጣ። ልጅቷ መልሱን ስትጠብቅ ቆየች። ከዚያ ሣህኑን አነሣች። ቢሆንም ጥያቄዋ ግሩም ነው ተብሏል፤ ከባለሙያ አፍ ይህን መስማት ቀላል ነው?

ይሳቁ እንጂ እትዬ፤ ብቻዬን ስስቅ እብድ እመስላለሁ... ይኸውልዎ፣ ባለቤቴም ስልካቸውን አስቀመጡ። ኔትወርኩ ተቋርጦባቸው ይሆናል። ሥጋ ይጨመርልዎ ሲባሉም እጃቸውን አወዛወዙ። ጠግበው ይሆናል።

ልቀጥልልዎ። ልጅቷን አንድ ልጅ ወደዳት፤ እንደ እናንተ ምስጋናው ያለ ጨዋ፣ የአማኑኤል ከተማ ልጅ። ሽማግሌ ሊላክ ሆነ። ቀኑን ማን ቆረጠው? ሰውየው ራሱ። "እሑድ ይሁን፤ እሑድ የቤተሰብ ነው" አለ። ኅዳር ውስጥ ነው። ሽማግሌዎቹ ቅዳሴ እንዳበቃ ከአማኑኤል ተነሥተው መጡ። አንድ ቄስ፣ የልጁ አጎት፣ ደግሞ ምርኩዝ የያዙ አንድ ሸምገል ያሉ አባት። በሩ ላይ ቆሙ። ደንቡን እርስዎ ያውቁታል፤ አባት ወጥቶ ሳይቀበላቸው፣ የመጡበትን ሳይናገሩ አይቀመጡም።

አባትስ? አባት ደምበጫ ነው።

ለቁም ነገር ነው የሄደው፣ አይታዘቡት። የየድርጅቱ ሥራ አስኪያጆች ተሰብስበው ሥልጠና ነበራቸው፤ በሥራ ቀን አይመቻቸውምና ለእሑድ አደረጉት። አሠልጣኙ ድንገት ታሞ ቀረ። ለዚህ ሰው ደወሉለት። "ካለ አንተ ማን አለን?" አሉት። እውነታቸውን ነው፣ ካለ እሱ ማን አላቸው? የሥልጠናው ርእስ ምን እንደነበር ልንገርዎ? ... "ሥራንና ኑሮን ማመጣጠን"። እኔ አልጨመርሁበትም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከራሴ አውጥቼ ለመናገር ችሎታው የለኝም።

"በምሳ ሰዓት እደርሳለሁ፤ ሽማግሌዎቹን አቆዩልኝ" ብሎ ሄደ። እንደ ምሳ ማለት ነው፤ ክዳን ተደርጎባቸው።

ሚስቱ "ግቡ፣ አረፍ በሉ" እያለች ለመነቻቸው። ወንድሟ እንዳላማው ለመናቸው። "አባወራው ይምጣ" አሉ። ምርኩዝ የያዙት አባት አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው እግራቸው ይቆሙ ጀመር። ሚስቱ ትደውላለች፤ አይነሣም። እንዴት ያንሣ? ሥልጠና ላይ ስልክ ማንሣት ነውር ነው፤ ያንን ደንብ ያወጣው እሱ ነው። ብዙ ቆይቶ አነሣ። "የስልኩን ድምፅ ክፈችው፤ በስልክ እመልስላቸዋለሁ" አላት። ስልኩ ለአባትየው በተዘጋጀው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ምን ያድርጉ? ፊታቸውን ወደ ስልኩ አዞሩ። ቄሱ ነጠላቸውን አስተካከሉና "ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል" ብለው በወጉ ተናገሩ። ለስልኩ እጅ የነሡ ይመስለኛል።

ስልኩም መለሰ። "አባቶቼ፣ ደጄን ስለረገጣችሁ ትልቅ ክብር ነው። እኔ እንግዲህ ልጄን..." አለና ዝም።

ኔትወርክ ሄደ።

ልጄን ሰጥቻለሁ ሊል ይሁን ልጄን አልሰጥም ሊል ማን ያውቃል? የልጁ አጎት ጎንበስ ብሎ ስልኩን "አቤት?" አለው። ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ መጋረጃውን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትንቀጠቀጣለች፤ ትሳቅ ታልቅስ እስካሁን አልለየሁም። ያን ጊዜ እኔ ብድግ ብዬ... ሚስቱ ማለቴ ነው። ምላሴ ነው የተንሸራተተ፤ ጠጁን ይቀንሱልኝ። ሚስቱ ብድግ አለችና ስልኩን ከወንበሩ አንሥታ ኪሷ ከተተችው። ወንበሩ ላይ ራሷ ተቀመጠች።

"አባቶቼ" አለች፣ "አባቷ ሥራ ላይ ነው። ወልጄ ያሳደግኋት እኔ አለሁ። ልጃችሁን ጠይቄያለሁ፣ ደግ ልጅ ነው፤ እሷም ትወደዋለች። ሰጥቻለሁ። አሁን ስለ ማርያም ተቀመጡ፤ የኚህ አባታችን እግር አሳዘነኝ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በዕድሜያቸው ከእናት መልስ ተቀብለው አያውቁም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ምርኩዝ የያዙት አባት ናቸው ቀድመው የተቀመጡት። "እኔስ ተቀብያለሁ" አሉ። ድካማቸው ይሁን ቃሏ እንጃ፣ ብቻ እሳቸው ሲቀመጡ ሌሎቹም ተቀመጡ።

አመሻሽ ላይ ሰውየው ከደምበጫ መጣ። ደስ ብሎታል፤ ቆመው አጨብጭበውለታል፤ የግድግዳ ሰዓትም ሸልመውታል። "እንዴት ሆነ?" አለ።

"ሰጥተሃል" አለችው ሚስቱ።

"ጥሩ አድርጌያለሁ" አለና ሰዓቱን የሚሰቅልበት ምስማር መፈለግ ጀመረ።

ኧረ ቆይ፣ ሳቄ ይውጣልኝ... ደግሞ ሥልጠናው እንዴት ያለ እንደነበር ሚስቱ በኋላ ሰማች። ዓለምነው የሚባል አንድ ሰው፣ እዚያ ሠልጥኖ የመጣ፣ ሱሪ ሊያሳጥር ስፌት ቤቷ ገባ። የማን ሚስት እንደሆነች አያውቅም። "እንዴት ያለ አሠልጣኝ መጣልን መሰለሽ" አላት። "አስለቀሰን እኮ። 'ሥራው ነገም ይገኛል፤ የልጅህ ቀን ካመለጠህ ግን ከየት ታመጣዋለህ?' አለን። እሱም ራሱ ዕንባ ቀረረው።" ዓለምነው ከዚያ ቀን ወዲህ በጊዜ ቤቱ ይገባል። ቅዳሜ የልጆቹን ፀጉር ራሱ ነው የሚያጥበው። የዓለምነው ሚስት ያንን አሠልጣኝ ስትመርቅ ውላ ታድራለች። አዩ? ትምህርቱ ይሠራል። ሠልጣኝ መሆን አይደለም፣ አሠልጣኝ መሆን ነው የሚያስቸግረው።

ከዚያ ሠርጉ ደረሰ... እርስዎ ጉልበትዎን ያመመዎት ሰሞን መሆኑ ነው፤ ይህም ሌላ ሠርግ ነው መቼም። ሙሽራው ሊወስዳት ሲመጣ፣ ልጅ የእናት የአባቷን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ነው የምትወጣው። እናትና አባት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልጅቷ የእናቷን ጉልበት ሳመች። ቀና ብላ ወደ አባቷ ስትዞር ወንበሩ ባዶ ነው። ስልክ ተደውሎለት ወደ ጓሮ ወጣ ብሏል።

እንደተንበረከከች ቆየች። እናቷ በእጇ የሰፋችላት ቀሚስ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ሚዜዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ዘፋኟም ዘፈኑን አቋረጠች። ልጅቷ ባዶውን ወንበር አየችው፣ ከዚያ እናቷን አየቻት። ... ይኼንን ስናገር ለምን እንደማልስቅ አላውቅም፤ ሌላው ሁሉ ያስቀኛል። አጎቷ እንዳላማው ሮጦ መጣና ተቀመጠ። የእሱን ጉልበት ሳመች። እሱም መረቃት።

ሰውየው ሲመለስ ፊቱ እንደ ፀሐይ በርቷል። ምን ተብሎ እንደተደወለለት ይገምቱ እስቲ። ዕድገት ነው። ባሕር ዳር፣ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ የሁሉም ፋብሪካዎች ምዘና ኃላፊ። ደስታውን ለማን እንደሚናገር ቸገረው። ምርቃቱ እንዳለቀ ሲነግሩት "ችግር የለም፤ ለቪዲዮው ይደገም" አለ። ተደገመ። ልጅቷ ሁለተኛ ተንበረከከች። ቪዲዮው ሲያዩት ያምራል፤ የመጀመሪያውን ቆርጠው አውጥተውታል። አባት እጁን ራሷ ላይ ጭኖ ይመርቃል፣ እናት አጠገቡ ሆና ትስቃለች። ያየው ሁሉ "የእናት ደስታ" ይላል።

እናትየዋ ለምን እንደሳቀች እኔ ልንገርዎ። በዚያች ሰዓት ነው የቆረጠችው። በማግሥቱ "ወሩ ሲያልቅ ባሕር ዳር እንገባለን፤ ስፌት ቤቱን ዝጊውና ዕቃ ሸክፊ" አላት። ዝም አለች። ዝም ስትል እሺ ያለች መሰለው፤ እስከ ዛሬ፣ እስከ ቅድም ማለቴ ነው፣ እንደዚያው ይመስለዋል። እሷ አትሄድም። ከስፌት ቤቷ ጎን ያለውን ክፍል ቁልፉን ተቀብላለች፤ ግድግዳውን አፍርሳ ልታሰፋው ነው። ልጇ አማኑኤል ናት፤ በሚኒባስ ሄዳ አብራት ምሳ በልታ ትመለሳለች። እሑድ ስፌት ቤቱ ይዘጋል፤ የስፌት ቤቱ ባለቤትም አብራ ትወጣለች።

ሳትነግረው ቀረች ብለው አይፍረዱባት። ልትነግረው ሁለት ሦስቴ ጀምራለች፤ ስልክ እየገባባት ነው። ታዲያ ምን ታድርግ? ለእንግዳ ትነግራለች። ሙዚቃ ባለበት፣ ጮክ ብላ፣ ደህና ሰው አጠገቧ አስቀምጣ። ምናልባት ሰው ለሰው ሲነግረው ይሰማ ይሆናል።

ደግሞ ጥል የለም። ጥል ምን ያደርጋል? ባሕር ዳር ሩቅ አገር አይደለም። መጥቶ ቢጠይቃት በሯን አትዘጋበትም፤ ሻይ ታፈላለታለች፤ ሱሪው ቢቀደድ ትጠግንለታለች። እንደ ሥራ ባልደረባው ዓይቶ እንዴት ዋልሽ ቢላት እንኳ ይበቃታል።

ውይ፣ ሙዚቃው ቆሟል ለካ። እኔ አሁንም እየጮህሁ ነው። ... ባለቤቴ ሣህናቸውን ገፋ አደረጉት። ስልካቸውም እየጮኸ ነው፤ ይሰማዎታል? አያነሡትም። ተአምር ነው። ያንሡት እንጂ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሆናል... ይኸው ደግሞ ጮኸ። ገለበጡት። አሁን እኔን እያዩኝ ነው። ስንት ዘመን ሆናቸው እንዲህ ካዩኝ። ይዩኝ፤ የለበስኩትን ቀሚስ ራሴ ነው የሰፋሁት፣ ያምራል አይደል?

በሉ እትዬ፣ ብርጭቆዎን ያንሡልኝ። ያንን ሰው በሌለበት አምቼዋለሁ፤ ሳልመርቀው ብነሣ ነውር ነው። የልጄ ደስታ ቀን ነው፣ በልቤ ቂም ይዤ አልቀመጥም።

እግዚአብሔር ዕድገቱን ይባርክለት። ከሚወደው ሥራው አይለየው፤ ለአንዲት ቀን እንኳ አይለየው። ሥራው ዕድሜውን ሙሉ እንደ ልጅ ይታዘዘው። ሲያረጅ ክንዱን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ያድርሰው። ሲታመም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ውኃ ያጠጣው፣ "አባዬ፣ ትንሽ ቅመስ" እያለ ያጉርሰው። ጧሪ ቀባሪ ያድርግለት።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ።